የማረጥ ዘመንና የሆርሞን ሕክምና፦ ከጥያቄው የቀደመ መልስ ታሪክ

የሴት ልጅ የወር አበባ ለዘለቄታው የሚቋረጥበት የዕድሜ ደረጃ በአማርኛ ማረጥ ይባላል። ቃሉ የታወቀ ቢሆንም በአደባባይ ብዙ አይነገርም፤ በሴቶች መካከል እንኳ ሲነሣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። በምዕራቡ ዓለም ግን ይኸው የዕድሜ ደረጃ ባለፉት 200 ዓመታት ውስጥ የሕክምና ስም ወጥቶለታል፣ መጻሕፍት ተጽፈውበታል፣ መድኃኒት ተቀምሞለታል፤ በመጨረሻም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች በየዕለቱ ክኒን እንዲውጡ ምክንያት ሆኗል።

«ይህ የሐኪሞች ጉዳይ አይደለምን? ከታሪክ ጥናት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ቢሆን የታሪክ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ሆርሞን ሕክምና በየዘመኑ የተነገረው ነገር ከላቦራቶሪ ብቻ የመነጨ አይደለም። ገበያው፣ ጋዜጣው፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪው፣ እንዲሁም የሴቶች ንቅናቄ በየተራ እጃቸውን አስገብተውበታል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ሕክምናው ባለፉት 60 ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከማስረጃው ወሰን አልፎ መሄዱ ነው፤ በመጀመሪያ በተስፋ፣ ቀጥሎም በፍርሃት። በሁለቱም ጊዜ የተዘነጋው የእያንዳንዷ ሴት ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታና ፈቃድ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙና የሐሳቡ አመጣጥ

የወር አበባ መቋረጥ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 18 ስለ ሣራ ሲያወሳ የሴቶች ልማድ ከእርሷ መቋረጡን የእርጅና ምልክት አድርጎ ያነሣዋል እንጂ በሽታ አይለውም። ለሐኪሞች የተለየ ርእስ የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ደ ጋርዳን በ1821 ዛሬ ዓለም «ሜኖፖዝ» ብሎ የሚጠራበትን ቃል ከግሪክኛ ገጣጥሞ አወጣ። በ1857 ደግሞ በለንደን የሚሠራው ኤድዋርድ ቲልት በዚሁ የዕድሜ ለውጥ ላይ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ጉዳዩን በአብዛኛው የሚያዩት እንደ አደገኛ መሻገሪያ ነበር፤ መሻገሪያውን በሰላም ያለፈች ሴት ግን ጤናዋ የጸና እንደሚሆን የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። ማረጥን ዕድሜ ልክ የማይድን ጉድለት አድርጎ የማየቱ ሐሳብ ገና አልተወለደም።

ያ ሐሳብ እንዲወለድ በመጀመሪያ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ መታወቅ ነበረበት። በ1889 ሻርል ብራውን-ሴካር የተባለው ዕውቅ የሰውነት አሠራር ተመራማሪ በ72 ዓመቱ ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ ጉልበቱ እንደታደሰ በፓሪስ አስታወቀ። ነገሩ ብዙ ቢያስቅም ከዕጢዎች የሚወጣ አንዳች ኃይል አለ የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከላምና ከአሳማ የእንቁላል ዕጢ የተዘጋጀ ዱቄት ለሴቶች መሰጠት ጀመረ።

ከዕጢ ወደ ክኒን

እውነተኛው ግኝት የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይሲ የተባሉ አሜሪካውያን በ1923 በሴንት ሉዊስ ከተማ የእንቁላል ዕጢን ሆርሞን ኃይል በእንስሳት ላይ የሚለኩበትን መንገድ አገኙ። በ1929 ዶይሲ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡቴናንት በጀርመን ከእርጉዝ ሴቶች ሽንት ኢስትሮን የተባለውን ሆርሞን በየፊናቸው ነጥለው አወጡ። ከ1920ዎቹ በኋላ እንግዲህ ኢስትሮጅን በሚል የወል ስም የሚጠሩት የሴት ሆርሞኖች በእጅ የሚጨበጡ ነገሮች ሆኑ።

ቀጣዩ ጥያቄ በርካሽና በብዛት እንዴት ይገኛሉ የሚል ነበር። ሁለት መልሶች ተገኙ። አንደኛው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዶድስ በ1938 በለንደን የሠራው ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ነው፤ ዲኢቲልስቲልቤስትሮል ይባላል። ግኝቱ በፓተንት ስላልተያዘ ማንኛውም ኩባንያ ሊያመርተው ይችል ነበር። ሁለተኛው አየርስት የተባለው ኩባንያ በሞንትሪያል ከእርጉዝ ባዝራዎች ሽንት ያዘጋጀው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት በ1941 በካናዳ፣ በ1942 በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ፕሪማሪን የሚለው ስሙም «የእርጉዝ ባዝራ ሽንት» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የተቆራረሰ ነው።

የዶድስ መድኃኒት ታሪክ ለኋላው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባው ነበር። ሐኪሞች ከማረጥ ሕመም አልፈው ውርጃን ለመከላከል ለእርጉዝ ሴቶች ማዘዝ ጀመሩ። በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ቁጥጥር ያለበት ጥናት ለዚህ ዓላማ ምንም እንደማይጠቅም አሳየ። ያም ሆኖ መታዘዙ አልቆመም። በ1971 በቦስተን አርተር ኸርብስትና ባልደረቦቹ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር ስለያዛቸው ስምንት ወጣት ሴቶች ጻፉ፤ የሰባቱ እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ይህንኑ መድኃኒት ወስደው ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለእርጉዝ ሴቶች እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። የቺካጎው ጥናት ከወጣ 18 ዓመታት አልፈው ነበር። ከዚህ የምንማረው ማስረጃ መገኘቱ ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

የ1966ቱ ተስፋ

ማረጥን ወደ በሽታነት የለወጠው ሰው ይጠራ ቢባል ብዙዎች የሚጠሩት የኒው ዮርኩን የማኅፀን ሐኪም ሮበርት ዊልሰንን ነው። በ1966 ያሳተመው «ፌሚኒን ፎርኤቨር»፣ በአማርኛ «ለዘላለም ሴት» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ፣ በሰፊው ተሸጠ። የመጽሐፉ ክርክር ቀላል ነበር። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊን እንደሚጎድለው ሁሉ ያረጠች ሴትም ኢስትሮጅን ይጎድላታል፤ የጎደለውን መተካት ደግሞ የሐኪም ግዴታ ነው። «ሆርሞን ምትክ ሕክምና» የሚለው ስም ራሱ ይህንን ክርክር በውስጡ ይዟል፤ «ምትክ» ከተባለ የጠፋ፣ መመለስም ያለበት ነገር አለ ማለት ነውና።

ክርክሩ ማራኪ ቢሆንም መሠረቱ የላላ ነበር። በወጣትነቱ ኢንሱሊን ያጣ ሰው ካልታከመ ይሞታል፤ ማረጥ ግን እስከዚያ ዕድሜ የምትደርስ ሴት ሁሉ የምታልፍበት ነው። ከዚህም በላይ የዊልሰን ልጅ በ2002 ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንደገለጸው የመጽሐፉን ወጪና የአባቱን የምርምር ድርጅት የደገፈው የፕሪማሪን አምራች ኩባንያ ነበር። አንባቢዎቹ ይህንን ሳያውቁ 36 ዓመታት አለፉ።

የሆነው ሆኖ የመጽሐፉ ስኬት የገንዘብ ውጤት ብቻ ነበር ማለት ሴቶቹን አለማወቅ ይሆናል። ሌሊት በላብ ተጠምቃ የምትነቃ፣ ቀን በድንገተኛ ወላፈን ፊቷ የሚቀላ፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ለሐኪሟ ስትናገር የምታገኘው መልስ ብዙ ጊዜ «የነርቭ ነው፣ ያልፋል» የሚል ነበር። ዊልሰን ሕመሟን ከቁም ነገር ቆጠረው። መድኃኒቱም ለዚህ ሕመም በእርግጥ ይሠራል፤ ይህ ዛሬም የማያከራክር ነው። ስሕተቱ የጀመረው ለሕመም የተገኘው ማስታገሻ ላልታመሙትም ጭምር ዕድሜ ልክ የሚወሰድ የወጣትነት ዋስትና ሆኖ ሲቀርብ ነው።

የመጀመሪያው ውድቀት

በዲሴምበር 1975 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜድስን የተባለው የሕክምና መጽሔት ሁለት ጥናቶችን ባንድነት አወጣ። አንዱ ከሲያትል፣ አንዱ ከሎስ አንጀለስ የመጡ ሲሆኑ፣ ኢስትሮጅን ብቻውን በሚወስዱ ሴቶች ላይ የማኅፀን የውስጥ ሽፋን ካንሰር ከሌሎቹ በ4.5 እና በ7.6 እጥፍ ጨምሮ መገኘቱን ገለጹ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በተፈጥሮ ሥርዓት ኢስትሮጅን የማኅፀንን ሽፋን ያሳድጋል፤ ፕሮጀስትሮን የተባለው ሌላው ሆርሞን ደግሞ ዕድገቱን ይገታዋል። መድኃኒቱ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ነፍጎ ነበር።

በዚህ ጊዜ ሴቶቹ ራሳቸው ወደ መድረኩ ወጡ። ባርባራ ሲማን የተባለችው ጸሐፊ በ1969 ስለ እርግዝና መከላከያ ክኒን ጉዳት ያሳተመችው መጽሐፍ በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ጉዳዩን እንዲመረምር ምክንያት ሆኖ ነበር። በ1975 እርሷና ጓደኞቿ ብሔራዊ የሴቶች ጤና መረብ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ጥያቄያቸው መድኃኒቱ ይታገድ የሚል ብቻ አልነበረም፤ የምንውጠው ነገር ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ይነገረን የሚል ነበር። በ1977 የመድኃኒት አስተዳደሩ ለታካሚዋ የሚሰጥ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ከኢስትሮጅን ጋር እንዲታደል አዘዘ። ሐኪም ብቻ ያውቅ የነበረውን ታካሚዋም እንድታውቅ መደረጉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሆርሞኑ ግኝት የማያንስ ድርጊት ነው።

የልብ ጥያቄ

ገበያው ከ1975 በኋላ ቢቀዘቅዝም አልሞተም። ማኅፀን ላላቸው ሴቶች ፕሮጀስቲን ተጨመረና የማኅፀን ካንሰር ሥጋት ተቃለለ። ኢስትሮጅን የአጥንትን መሳሳት እንደሚገታ ተረጋገጠ። ከዚያም ከሁሉ የሚበልጥ ተስፋ ብቅ አለ፤ ይኸውም ሆርሞን ሴቶችን ከልብ በሽታ ያድናል የሚል ነው።

ተስፋው የተመሠረተው በዋነኛነት በ1976 በተጀመረውና ከ121,000 በላይ ነርሶችን በሚከታተለው ጥናት ላይ ነበር። በ1985 የዚህ ጥናት ሊቃውንት ሆርሞን በሚወስዱት ላይ የልብ በሽታ አንሶ መታየቱን አስታወቁ። የሚያስገርመው በዚያው መጽሔት በዚያው ዕትም ከፍራሚንግሃም የመጣ ሌላ ጥናት ተቃራኒውን ማለቱ ነው። የኋለኛው ተዘነጋ፤ የፊተኛው ተወሰደ። በ1992 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ያረጡ ሴቶች በሙሉ በሽታን ለመከላከል ሲባል ሆርሞን መውሰድን እንዲያስቡበት መከረ። በ1999 በአሜሪካ በዓመት የሚጻፈው የሆርሞን ትእዛዝ ወደ 90 ሚሊዮን ደረሰ።

በምልከታ ላይ የተመሠረተ ጥናት አንድ ሥር የሰደደ ችግር አለበት። ሆርሞን የሚወስዱት ሴቶች ከማይወስዱት ይልቅ የተማሩ፣ የተሻለ ኑሮ ያላቸው፣ ሐኪም ዘንድ አዘውትረው የሚሄዱ ነበሩ። ልባቸውን የጠበቀው ክኒኑ ይሁን ኑሯቸው መለየት የሚቻለው ሴቶቹን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን መድኃኒቱን፣ ለሌላው መድኃኒትነት የሌለውን ተመሳሳይ ክኒን በመስጠት ነው። የብሔራዊ ጤና ተቋማት የመጀመሪያዋ ሴት ዲሬክተር በርናዲን ሂሊ በ1991 ያስጀመሩት «የሴቶች ጤና ኢኒሺየቲቭ» የተባለው ጥናት ይህንን አደረገ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆነ 27,347 ሴቶች በሆርሞኑ ሙከራ ተሳተፉ። ከእነዚህም ማኅፀን ያላቸው 16,608 ነበሩ። መልሱ በአርባዎቹ ዓመታት ለገበያ ለቀረበ መድኃኒት በዘጠናዎቹ መፈለጉ ነው እንግዲህ።

ሐምሌ 2002ና ከዚያ በኋላ

በጁላይ 9 ቀን 2002 የጥናቱ ኃላፊዎች ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲንን አጣምረው የሚወስዱት ሴቶች ሙከራ ከታሰበው ጊዜ በፊት በአማካይ በ5.2 ዓመት መቋረጡን አስታወቁ። ጋዜጦች የጡት ካንሰር በ26 በመቶ፣ የልብ በሽታ በ29 በመቶ ጨመረ ብለው ጻፉ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በሌላ አነጋገር ሲገለጽ፣ ክኒኑን ለአንድ ዓመት ከወሰዱ 10,000 ሴቶች መካከል በጡት ካንሰር የተያዙት 38 ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 10,000 መካከል 30 ነበሩ። በልብ በሽታ 37 በ30፣ በስትሮክ 29 በ21፣ ሳንባ ውስጥ በሚገባ የረጋ ደም 16 በ8 ነው። በአንጻሩ የዳሌ ስብራት ከ15 ወደ 10፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከ16 ወደ 10 ወርዷል። ስለ አንድ እውነት ሁለት አነገጋገር መኖሩን ልብ ይሏል። «26 በመቶ» የሰማች ሴት ክኒኗን ወደ ቆሻሻ መጣያ ትወረውራለች፤ «ከ10,000 ስምንት» የሰማችው ግን ቁጭ ብላ ታስባለች።

ቀጥሎ የመጣው ፍርሃት ከውጤቱ አልፎ ሄደ። ጥናቱ የተነደፈው ሆርሞን የልብን በሽታ ይከላከል እንደሆነ ለመፈተን እንጂ የማረጥን ሕመም ለማስታገስ ስላለው ጥቅም አልነበረም። ከተሳታፊዎቹ ሁለት ሦስተኛው ያህሉ ከ60 ዓመት በላይ ነበሩ። ለ70 ዓመቷ ሴት የተገኘው መልስ ሌሊት ሌሊት በላብ ለምትጠመቀው የ51 ዓመት ሴት ሳይመነዘር ተሰጠ። ማኅፀናቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውና ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱት 10,739 ሴቶች ውጤት በ2004 ሲወጣ ስትሮክ ቢጨምርም የጡት ካንሰር አለመጨመሩን አሳየ። በ2020 የወጣው የረጅም ጊዜ ክትትል እንዲያውም በእነዚህ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር አንሶ እንደተገኘ ገለጸ። በ2017 ከ18 ዓመት ክትትል በኋላ በጠቅላላው የሟቾች ቁጥር በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ልዩነት አልተገኘም። ይህ ማለት የ2002ቱ ጥናት ተሳስቷል ማለት አይደለም። በ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ሕክምናውን የጀመሩት ላይ የአእምሮ መዘንጋት በሽታ በእጥፍ መጨመሩን በ2003 ያሳየው ይኸው ጥናት ነው። ሆርሞን ለአረጋውያን ሴቶች የልብ ጋሻ ነው የሚለውን ተስፋ ለዘለቄታው የዘጋውም እርሱ ነው።

ዛሬ የሙያው ማኅበራት የደረሱበት ስምምነት ከሁለቱም ጫፎች የራቀ ነው። ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ሕመሙ ለጠናባትና የሚያግድ በሽታ ለሌለባት ሴት ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ ይበልጣል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ ለነበረባት ግን በተለምዶ አይመከርም። በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት አስተዳደር ከ2003 ጀምሮ በመድኃኒቶቹ ላይ በሣጥን ተከቦ በጉልህ ይጻፍ የነበረውን ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን እንደሚያነሣ አስታወቀ። ፍርሃቱን የተካው እንደገና ልክ የሌለው ተስፋ እንዳይሆን ግን ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ይሠጋል።

እኛና ይህ ታሪክ

ከአብዮቱ በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ከተሰደዱት ኢትዮጵያውያት ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው እንግዲህ በ2002 ግድም ነው፤ የዚህ ክርክር እሳት በነደደበት ሰዓት ማለት ነው። የ1966ቱን ተስፋ አልሰሙም፤ የደረሳቸው ፍርሃቱ ብቻ ነበር፤ ያውም በወሬ።

ይዘውት የመጡት ግንዛቤም የተለየ ነበር። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ የማትገባው ሴት ካረጠች በኋላ ይህ ክልከላ አይመለከታትም፤ ልጆቿን አሳድጋ ቆብ የምትጭንም አለች። በቤተ እስራኤል ዘንድ በየወሩ ወደ ተለየ ጎጆ መውጣት ግዴታ ነበርና ማረጥ ከዚያ ነፃ ያወጣ ነበር። የሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ ማርሻ ፍሊንት በ1975 ስለ ሕንድ የራጅፑት ሴቶች የጻፈችውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ማረጥ ከግርዶሽ የሚያወጣቸውና ክብር የሚጨምርላቸው እነዚያ ሴቶች ከወር አበባ መቋረጥ በቀር ብዙም ሕመም አልተናገሩም። ይሁን እንጂ አለመናገር አለመታመም አይደለም። አጥንት በዝምታ ይሳሳል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የተጀመረውና 3,302 ሴቶችን የተከታተለው «ስዋን» የተባለ ጥናት በ2015 እንዳሳየው የወላፈኑና የላቡ ዘመን በአማካኝ 7.4 ዓመት ሲቆይ በጥቁር አሜሪካውያት ላይ 10.1 ዓመት ይቆያል። ጥናቱ ሴቶቹን በአምስት ወገን ሲከፍል ኢትዮጵያውያት ለብቻቸው አልተቆጠሩም።

ችግሩ በቋንቋም ይገለጻል። ሐኪሞች ለዚያ ድንገተኛ ወላፈን የታወቀ ስም አላቸው። እናቶቻችን ግን «ሙቀት ሙቀት ይለኛል»፣ «ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል» ይላሉ። አስተርጓሚው «ትኩሳት» ብሎ ከተረጎመው ሐኪሙ ወባ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል፤ ከአፍሪካ የመጣች ሴት ሌሊት ያልባታል ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው ይኸው ነውና። አስተርጓሚው ወንድ ልጇ ሲሆን ደግሞ እናቲቱ ጨርሶ አትናገርም፤ ራስ ምታት ነው ብላ ትመለሳለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ነገሩን ወደ ፊት ያራመዱት «የምንውጠውን እንወቅ» ያሉት ሴቶች ነበሩ። ለእኛም የሚጠቅመው ይኸው ነው። በየከተማው ያሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበራት በዓመት አንድ ቀን ሐኪም ጋብዘው በሴቶች መካከል በአማርኛ እንዲነገር ቢያደርጉ፣ እናቶች ሐኪም ቤት ሲሄዱ ከልጅ ይልቅ የሙያ አስተርጓሚ፣ ያውም ሴት እንዲጠይቁ ቢመከሩ፣ የቋንቋ ሊቃውንቶቻችንም ለሕመሙ የሚሆኑ ቃላትን ሰብስበው ቢያስማሙ ትልቅ ሥራ ይሆናል። የ52 ዓመቷ ሴት ክኒኑን ብትወስድም ብትተውም ምርጫው የእርሷ ነው። ዕድሜዋን፣ ካረጠች ስንት ዓመት እንደሆናት፣ ማኅፀን እንዳላትና እንደሌላት፣ በዘመዶቿ የታየውን በሽታ ለሐኪሟ በራሷ ቋንቋ ነግራ ከወሰነች ከ1966ቱም ከ2002ቱም ሴቶች በተሻለ ሁኔታ ወስናለች።